ቀለሙ የማን ነው?

ደብረ ማርቆስ አጎቴ ቤት፣ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕልና ከቤተሰቡ የሠርግ ፎቶግራፎች መካከል አንድ መስታወት የለበሰ ሥዕል ተሰቅሏል። ዐፄ ቴዎድሮስ ተቀምጠዋል፤ በእግራቸው ሥርና በዙሪያቸው አንበሶች ጋደም ብለዋል፤ ልብሳቸው ወይን ጠጅ፣ ምንጣፉ ቀይ፣ ሰማዩ ደግሞ እንደ መስከረም ተልባ አበባ ሰማያዊ ነው። አጎቴ ሥዕሉን የገዙት ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሕክምና አዲስ አበባ በሄዱ ጊዜ ነበር። ሻጩ «በንጉሡ ዘመን፣ ንጉሡን በዓይኑ ያየ ሠዓሊ በእጁ በቀለም የሣለው ነው» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ሸጠላቸው። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ከቡናው በፊት የሚቀርበው ሥዕሉ ነው።

ባለፈው ክረምት ከግድግዳው አውርጄ አቧራውን ስጠርግ የጀርባው ካርቶን ለቀቀ። ከካርቶኑ ሥር ያየሁት ነገር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ሆነ። ከሥዕሉ ጀርባ በሁለት ዓምድ የታተመ የፈረንሳይኛ ጽሑፍና የገጽ ቁጥር ነበረበት። ለካስ የአጎቴ ሥዕል ከመጽሔት የተገነጠለ ገጽ ኖሯል! አጎቴም አዩና፣ «ታዲያ አንተ ልጅ፣ ተታለልኩ ማለት ነው?» አሉኝ። ወዲያው መልስ አላገኘሁም። «ቆይ ጋሼ፣ ላጣራልዎት» ብዬ ብቻ ዝም አልኩ። ውድ አንባቢ፣ ይህ ጽሑፍ ያ ማጣራት ነው።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» እንዲሉ፣ በመጀመሪያ እነዚህ ሥዕሎች እንዴት እንደሚሠሩ እንመልከት። ፎቶግራፍ በመጽሐፍና በጋዜጣ ላይ መታተም ከመቻሉ በፊት ሥዕል የሚባዛው በቅርጽ ነበር። የጥንቱ ዘዴ በመዳብ ሠሌዳ ላይ ነው፤ ቀራጩ በሹል ብረት መስመሩን ይቦረቡራል፣ ቀለሙ በቦርቡሩ ውስጥ ይገባል፣ እርጥብ ወረቀት ተጭኖበት በማተሚያ ሲጨመቅ ሥዕሉ ይወጣል። በዚህ መንገድ የታተመ ወረቀት ዙሪያውን የሠሌዳው ጠርዝ የተወው ስርጉድ ምልክት ይታይበታል። እ.ኤ.አ. በ1681 የታተመው የሂዮብ ሉዶልፍ የኢትዮጵያ ታሪክና እ.ኤ.አ. በ1790 በ5 ቅጽ የወጣው የጄምስ ብሩስ የጉዞ መጽሐፍ ሥዕሎቻቸው በመዳብ የተቀረጹ ናቸው። ሁለተኛው ዘዴ ደግሞ በመዳቡ ላይ የሙጫ ዱቄት ነስንሶ በአሲድ ማስበላት ነው፤ መስመር ብቻ ሳይሆን ጥላና ደመና የመሰለ ስፍራም ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የመጣው ሄንሪ ሶልት የአክሱምን ሐውልት ጨምሮ ያየውን ነድፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1809 በለንደን ባሳተማቸው 24 ትልልቅ ሥዕሎች ውስጥ ያስገባው በዚህ ዘዴ ነው።

እነዚያ የሶልት ሥዕሎች በእርግጥ በእጅ ቀለም የተቀቡ ነበሩ፤ ያውም ከመጀመሪያው፣ ከመሸጣቸው በፊት። በዚያን ጊዜ በቀለም ማተም ገና ስላልተለመደ፣ አሳታሚዎች ብዙ ሠራተኞች ያሰማሩ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶችና ልጆች ናቸው። አንድ ናሙና ፊታቸው ይቀመጣል፣ አንዷ ሰማያዊውን ስትቀባ ሌላዋ ቡናማውን፣ ሦስተኛዋ አረንጓዴውን እየቀባች ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ስማቸው የትም አልተጻፈም። ዛሬ ሰብሳቢዎች «የዘመኑ ቀለም» እያሉ ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉበት ሥራ የእነዚህ ስም የለሽ ሠራተኞች ድካም ነው።

ንግሥት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1837 ዙፋን ላይ ወጡ። በእሳቸው ዘመን ነገሩ ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1842 በለንደን «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» የሚባለው ሥዕላዊ ሳምንታዊ ጋዜጣ ተጀመረ፤ የመጀመሪያው እትም 16 ገጽና 32 ሥዕሎች ነበሩት። በፓሪስም እ.ኤ.አ. በ1860 «ለ ቱር ዱ ሞንድ» የተባለው የጉዞ መጽሔት ተከተለ። እነዚህ የሚያትሙት በመዳብ አይደለም፣ በእንጨት ነው። በጣም ጠንካራና ጥቅጥቅ ካለ እንጨት የተቆረጠው ግንድ በአግድም ተልጎ ይለሰልሳል፤ ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ስፍራ ይፈለፈላል፣ ጥቁር መሆን ያለበት ከፍ ብሎ ይቀራል። የእንጨቱ ከፍታ ከእርሳስ ፊደሉ ጋር እኩል ስለሆነ ሥዕሉና ጽሑፉ በአንድ ገጽ ላይ፣ በአንድ ጊዜ፣ በሺዎች ቅጂ ይታተማል። ርካሽነቱና ፍጥነቱ ከዚህ ነው። ዛፉ ግን ቀጭን ስለሆነ ትልቅ ሥዕል ከብዙ ትናንሽ ቁራጭ እንጨቶች ተጋጥሞ ይሠራ ነበር፤ ዜና ሲቸኩል ቁራጮቹ ለየብቻ ለተለያዩ ቀራጮች ይታደሉና ሌሊቱን ተሠርተው ጠዋት ይገጣጠማሉ። አንዳንድ ሥዕል ላይ በአጉሊ መነጽር ቢታይ በሰማዩ መካከል ወይም በተራራው ላይ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ስስ ነጭ መስመር ይገኛል፤ የመጋጠሚያው ምልክት ነው።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ እዚህ ላይ ነው፤ የእነዚህ ጋዜጦች የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች እንደ ደንቡ የታተሙት በጥቁር ብቻ ነው። ዛሬ በፍሬም ገብተው በቀለም አሸብርቀው ከሚሸጡት ብዙዎቹ፣ ጋዜጣው ከተገነጠለ በኋላ፣ አንዳንዴም መቶ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ነጋዴው ወይም ለነጋዴው የሚሠራ ሰው በውኃ ቀለም የቀባቸው ናቸው። ጥቁር ገጽ ብዙ ዋጋ አያወጣም፣ ቀለም የተቀባ ግን ግድግዳ ያሳምራል፤ ምክንያቱ ይኸው ነው። የአጎቴን ሥዕል በመስኮት ብርሃን ሳየው ወይን ጠጁ ቀለም ከልብሱ መስመር አልፎ በአንበሳው ጎፈር ላይ ፈስሷል። ወረቀቱ አሮጌ፣ ቅርጹ እውነተኛ፣ ቀለሙ ግን የኋላ ነው።

ቀለሙ ቢጨመር ምን አለበት የሚል ይኖራል። ነገሩ የጌጥ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረበትም። ግን ስለ ቴዎድሮስ የጻፉ የውጭ ሰዎች ከተስማሙባቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ንጉሡ በአለባበሳቸው ጌጥ የማይወዱ፣ ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ወታደር ሸማ ለብሰው የሚታዩ መሆናቸው ነው። የሩቁ ቀቢ ግን ንጉሥ ማለት ወይን ጠጅ የለበሰ ማለት ነው ብሎ የአውሮፓን ንጉሥ ልብስ አለበሳቸው። እኛም ያንን አይተን «የዘመኑ ልብስ እንዲህ ነበር» ማለት ጀመርን። እንዲህ ያለው ስሕተት አንዴ ልጆች ባሉበት ቤት ግድግዳ ላይ ከወጣ ማን ያወርደዋል?

ከቀለሙም በፊት ቢሆን አንድ ሥዕል ገዢው እጅ እስኪገባ ብዙ እጅ ያልፋል። መንገደኛው በእርሳስ ይነድፋል፤ ንድፉ በባሕር ተጉዞ ሳምንታት ቆይቶ ይደርሳል፤ ኢትዮጵያን አይቶ የማያውቅ የከተማ ሠዓሊ በእንጨቱ ላይ አሳምሮ ይደግመዋል፤ ቀራጮች ይፈለፍሉታል፤ በመጨረሻ ቀቢው ይመጣል። በየእጁ አንድ ነገር ይወድቃል፣ አንድ ነገርም ይጨመራል። አምባው የስዊስ ተራራ ይመስላል፣ የሰው ፊት የሌላ አገር ሰው ፊት ይሆናል። ስለዚህ ሥዕሉን ስናይ መጠየቅ ያለብን «እውነት ነው ሐሰት?» ብለን ብቻ አይደለም፤ «የትኛው መስመር የማን ነው?» ብለን ጭምር ነው።

ይህ ጥያቄ እኛን ጎጃሞችን በቅርብ ይነካናል። ጄምስ ብሩስ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የደረሰው እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ነበር። አብሮት ሉዊጂ ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊ ነበር፤ ዕፅዋቱንና ሕንፃዎቹን ይነድፍ የነበረው በአብዛኛው እሱ ነው። ብሩስ ግን በመጽሐፉ ክብሩን ለራሱ አደረገው፤ ባሉጋኒንም ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። በኋላ የተገኙት የባሉጋኒ የራሱ ማስታወሻዎች ግን በዚያን ጊዜ በሕይወት እንደነበረ አሳዩ። አስቡት፤ ከዚያም በፊት ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው የኢየሱሳውያን ቄስ እ.ኤ.አ. በ1618 እዚያው ቆሞ ነበር። የሰከላ ገበሬማ ከሁሉም በፊት ከብቱን ያጠጣበት ነበር! በአንድ ምንጭ ላይ ይህን ያህል እጅ ተረሳ።

የአጎቴም ሥዕል ታሪኩ ወደ ጎጃም ይመልሰናል። ቴዎድሮስ በአንበሶች ተከበው የሚታዩበት ሥዕል የተመሠረተው በጊዮም ለዣን ዘገባ ላይ ነው። ለዣን የፈረንሳይ ቆንስል ሆኖ ወደ ንጉሡ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1863 ንጉሡ በደጃዝማች ተድላ ጓሉ ላይ ወደ ጎጃም ሲዘምቱ አብሮ ዘመተ። በዘመቻው መካከል ልሂድ ብሎ አጥብቆ ፈቃድ ቢጠይቅ ንጉሡ ተቆጥተው በሰንሰለት አሰሩት። ከአገር ሲወጣ የጻፈው በፓሪሱ መጽሔት ከሥዕሎች ጋር ወጣ። ተድላ ጓሉ ማለት ያኔ መንቆረር ይባል የነበረውን የዛሬውን ደብረ ማርቆስን የቆረቆሩት፣ ለቴዎድሮስ ሳይገብሩ በአምባ መሽገው የኖሩት የጎጃም ገዥ ናቸው። ያ ዘመቻ ለጎጃም ገበሬ የእሳትና የረሀብ ዘመን ነበር። የአያቶቻችን ጎተራ ሲቃጠል ቆሞ ያየ ሰው ካመጣው ወሬ የተሠራ ሥዕል፣ ከመቶ ስድሳ ዓመት በኋላ ዞሮ ዞሮ ደብረ ማርቆስ ሳሎን ውስጥ ተሰቀለ። ሻጩ ለአጎቴ ያልነገራቸው ይህንን ነው፤ እሱም አያውቀው ይሆናል።

ሆኖም የጎጃም ድርሻ በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ከትግራይ፣ ከጎንደርና ከሸዋ ያነሰ ነው። ምክንያቱ መንገድ ነው። የውጭ ሰው የሚመጣው ወይ በምጽዋ ገብቶ በትግራይ ወደ ጎንደር፣ ወይም በታጁራ ገብቶ ወደ አንኮበር ነበር። ሠዓሊው ማርቲን በርናትስ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1852 በለንደን ያሳተመው የሥዕል መጽሐፍ፣ ከእንግሊዙ የሐሪስ መልእክት ጋር ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ በአፋር በረሃና በሸዋ ያየውን የያዘ ነው። ጎጃምን ዓባይ ከቦ ያዘው። የደረሱት እነ ቻርልስ ቢክ ከሥዕል ይልቅ ካርታና የገበያ ዝርዝር ይዘው ተመለሱ፤ እነ አርኖ ዳባዲም ከደጃዝማች ጎሹ ቤት የነበራቸውን ሕይወት በጽሑፍ ተረኩ። በእኛ አገር ያለው የዚያ ዘመን የአውሮፓ እጅ ሥራ በወረቀት ሳይሆን በድንጋይ ቆሞ ይታያል፤ ጣሊያናዊው ሳሊምቤኒ ለንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እ.ኤ.አ. በ1884 እና 1885 ተምጫ ወንዝ ላይ የሠራው ድልድይ።

ሥዕሎቹን ከሁሉ ይበልጥ ያበዛቸው የመቅደላ ዘመቻ ነው። የእንግሊዝ ጦር ሲዘምት ጋዜጦቹም አብረው ዘመቱ፤ «ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ» ዊልያም ሲምሰን የተባለውን ሠዓሊውን ላከ። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው የነበረው ሪቻርድ ሆምዝ ደግሞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ ራሳቸውን ከገደሉ በኋላ የሬሳቸውን ፊት ነደፈ። ይኸው ሆምዝ ለሙዚየሙ 350 ያህል የብራና መጻሕፍት ገዛ፤ «ኲርዓተ ርእሱ» የሚባለውንም ሥዕል ለራሱ አስቀረ። ከመቅደላ የተዘረፈው ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። ልብ እንበል፤ ቅርሱን የጫነው እጅና ሥዕሉን የነደፈው እጅ አንዳንዴ አንድ እጅ ነበር። እኛ ዛሬ ያንኑ ሥዕል በውድ ገንዘብ መልሰን እንገዛለን።

ታዲያ የአውሮፓ ቅርጽ ሥዕል ሁሉ ለእኛ ባዕድ ነው? አይደለም። ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ የተሸናፊ ታሪክ ይሆን ነበር፤ ግን ከዚያ በፊት ከ200 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ብንሄድ ተቃራኒውን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1590 እና 1591 በሮም በሜዲቺ ማተሚያ ቤት አንድ የዐረብኛ ወንጌል ታተመ፤ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸው የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ነበሩበት። ይህ መጽሐፍ ወደ አገራችን ገባ። በ17ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች እነዚያን ጥቁር መስመሮች አዩ፤ አቀማመጡን፣ የሰዎቹን ብዛት፣ የተአምራቱን ቅደም ተከተል ወሰዱ። ከዚያ ግን ፊቱን ወደ እኛ ፊት መለሱት፣ ዓይኑን አጎሉት፣ ጥላውን ጣሉት፤ ቀዩን፣ ቢጫውንና ሰማያዊውን በራሳቸው ሕግ ቀቡት። በብራና ላይ የቀረው የጎንደር ወንጌል እንጂ የሮም ቅጂ አይደለም።

በምሥራቅ ጎጃም መርጡለ ማርያም የሄደም ሰው ይህንኑ በድንጋይ ያገኘዋል። ከእቴጌ እሌኒ ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ላይ ኢየሱሳውያን በሠሩት ግንብ ላይ የተቀረጸው አበባና ሐረግ፣ የውጭ ይሁን የእኛ ለመለየት ዓይን የሚያደክም ነው።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ቀቢ አለ። የሩቁ የገበያ ቀቢ መስመሩን ሳያውቅ ቀለም ይደፋበታል፤ የጎንደሩ ሠዓሊ ግን መስመሩን አውቆ፣ ለሚያምንበት ጉዳይ፣ ለሚያውቀው ሕዝብ ይቀባል። በቅኔ ቤት አነጋገር የመጀመሪያው ሰሙን ብቻ ያበዛል፣ ሁለተኛው ወርቁን ይፈልጋል። ልዩነቱ የችሎታ አይመስለኝም፤ ለማን እሠራለሁ ብሎ የመጠየቅ ነው።

ስለ መሰብሰብም አንድ ነገር ልበል። ሪቻርድ ፓንክረስትና ሌይላ ኢንግራምስ እ.ኤ.አ. በ1988 ከ1681 እስከ 1900 የውጭ መንገደኞች ስለ ኢትዮጵያ ያሳተሟቸውን ቅርጽ ሥዕሎች በአንድ ዝርዝር መጽሐፍ ሰብስበው አወጡ። ፓንክረስት የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምን ካቋቋሙት አንዱ ናቸው፤ የመቅደላ ቅርስ እንዲመለስ እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2009 ዓ.ም. ድረስ የተከራከሩም እሳቸው ናቸው። የዚያ መጽሐፍ ጥቅሙ ሥዕሉን ከመጽሐፉ፣ ከዓመቱና ከሠራው ሰው ጋር አያይዞ ማቅረቡ ነው። የገበያው አሰባሰብ ግን ተቃራኒ ነው። ሙሉ መጽሐፍ ይገዛል፣ በምላጭ ይቆረጣል፣ ሥዕሉ ለየብቻ ይሸጣል፤ ከ30 ሥዕል የሚገኘው ዋጋ ከመጽሐፉ ስለሚበልጥ ነው። ጽሑፉ ይጣላል፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚለው አብሮ ይጣላል።

ይህን ስንሰማ አውሮፓውያንን ብቻ ለመውቀስ አንቸኩል። በእኛም አገር ሥዕል ያለበት የብራና ገጽ ከመጽሐፉ ተገንጥሎ ለቱሪስት ሲሸጥ ኖሯል። ጸሎቱ በአንድ አገር፣ ሥዕሉ በሌላ አገር ይቀራል። የለንደኑ ነጋዴ ምላጭና የእኛው ሰው ምላጭ አንድ ነው። ቅርስ ይመለስልን ብለን ስንጮህ፣ ጩኸቱ ተገቢ ነው፤ ግን በእጃችን ያለውን እየቆረጥን ከሆነ ማን ይሰማናል?

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ እንደ ተማሪ ልናደርገው የምንችለው ትንሽ ነገር አለ፣ ገንዘብም አይጠይቅም። ለእረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ የተሰቀለውን ሥዕል በጥንቃቄ አውርደን ጀርባውን እንይ። ጽሑፍ ካለው ከመጽሔት የተገነጠለ ነው፤ ቋንቋውን፣ የገጹን ቁጥርና ቀኑን እንመዝግብ። ቀለሙ ከመስመሩ በላይ የተቀባ ይሁን ወይስ በጥቃቅን ነጠብጣብ የታተመ፣ በአጉሊ መነጽር እንለይ፤ ነጠብጣብ ከሆነ የቅርብ ጊዜ ቅጂ ነው። ከማን ተገዛ፣ መቼ፣ ምን ተብሎ ተሸጠ፣ ብለን ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ። ይህ ሁሉ ነገ ታሪክ ነው።

አጎቴ ዘንድ ተመልሼ ያጣራሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ወረቀቱ እውነተኛ አሮጌ መሆኑን፣ ቀለሙ በኋላ የተጨመረ መሆኑን፣ ወሬውን ያመጣው ሰው ጎጃም ድረስ ከንጉሡ ጋር ዘምቶ የነበረ መሆኑን። ዝም ብለው ሰሙኝ። «የእኛ ቅድመ አያት ከተድላ ጓሉ ጋር አምባ ላይ ነበሩ፤ ይህን ታውቃለህ?» አሉኝ። አውቃለሁ አልኳቸው። «ላውርደው እንዴ ታዲያ?» ብለው ሥዕሉን ጥቂት ተመለከቱት። ኋላ ግን፣ «የለም፣ ይቆይ። ንጉሡም የእኛ፣ ሽፍታውም የእኛ። ግን የነገርከኝን ጀርባው ላይ ጻፍበት፤ እኔ ስሞት ልጆቼ ደግሞ እንዳይታለሉ» አሉ።

ብዕሬን አውጥቼ፣ ገጹን እንዳልነካ በአዲሱ ካርቶን ላይ ጻፍኩ። አጎቴ ከጎኔ ቆመው ፊደሉን እየተከተሉ አነበቡት፤ ከዚያም ሥዕሉን ራሳቸው መልሰው ሰቀሉት።